ቀድሞ ያጨበጨበው እጅ

ጥቅምት 5 ቀን

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽ ድምቡሼስ እንዴት ናት? እኔ ናፍቆትሽ ካልጣለኝ በቀር የሚጥለኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። እኔው ነኝ። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። መሪያችን «ማንበብ የማይችል ጎልማሳ አይኑር» ብለው በተናገሩ በወሩ የማታ ትምህርት ተከፈተ፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት የእትዬ ወንድም ነው። አስተማሪያችን «አንተ ሰውዬ፣ አራት ነጥብ እንደ ሽንኩርት ትተክላለህ» ትለኛለች። ቅናት ነው።

ባለሱቁ ወዳጃችን ይህን ጮክ ብሎ እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ። ባለሱቅ ሆይ፣ ጉሮሮህን ጥረግ። አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ከኋላ የቆሙትም ጠጋ ይበሉ።

ግንበኝነቱን ትተህ ምን ሥራ ገባህ ላልሽው፣ መልሱ ረጅም ነው። መሪያችን ስለ ልማት ንግግር በሚያደርጉበት ከተማ ሁሉ እኛ ሦስት ቀን ቀድመን እንገባለን። እኔ ምሰሶ ላይ ወጥቼ ድምፅ ማጉያ እሰቅላለሁ። ይህን ማንም ይሠራዋል። ዋናው ሥራዬ ሌላ ነው። አለቃችን በመጀመሪያው ቀን ጨበጠኝና ጣቶቹ ሲንቋቁ ሰምቶ «ይሄ እጅ ነው አካፋ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕዝቡ መሃል ያቆመኛል። መሪው አንዱን ሐሳብ ጨርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ አለቃዬ መድረኩ ጥግ ላይ ባርኔጣውን ያወልቃል። ያኔ እኔ ጧ! አደርጋለሁ። ከእኔ ቀጥሎ አሥር ሺህ ሰው። ሰው ማጨብጨብ ይወዳል እትዬ፤ የመጀመሪያው መሆን ነው የሚፈራው። አገር በእኔ መዳፍ ነው የሚነሳው ብል ጉራ አይደለም፤ ትንሽ ነው ጉራው።

የት ታድራለህ ላልሽው ደግሞ፣ ስትሰሚ እንዳትደነግጪ፣ ሆስፒታል! አልታመምኩም። በወንዙ ዳር ከተማ የተሠራው አዲሱ ሆስፒታል ውስጥ አራት ቀን አደርን። እኔ የደረሰኝ በሩ ላይ «ማዋለጃ» የሚል የተጻፈበት ክፍል ነው፤ ራሴ አነበብኩት። እስካሁን እዚያ የተወለደ የለም፤ እኔ ግን በየጠዋቱ እንደገና እየተወለድኩ እነሳ ነበር። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ጢሜን የተላጨሁት ወለል አይቼ ነው። ክፍሉ እንዴት ሰፊ መሰለሽ! የሚያደናቅፍሽ አንድም ነገር የለበትም።

የአባታችን ቀለበት አሁንም ጣቴ ላይ ናት። ስንጥቋ ሰፍቷል፤ ሳጨበጭብ ጫፍና ጫፏ እየተጋጨ ቅጭል ትላለች። አለቃዬ አውልቃት ቢለኝ «ጌታዬ፣ ያለ እሷ እጄ አይታዘዝም» አልኩት።

ቅዳሜ በስድስት ሰዓት የሆስፒታሉ ምረቃ ንግግር በሬዲዮ ይተላለፋል። አዳምጡኝ።

ወንድምሽ፣ ባለ ወርቅ መዳፉ


ጥቅምት 19 ቀን

ለወንድሜ፤

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው። ደብዳቤህ ሲነበብ ሱቁ ደጃፍ መንገድ እስኪዘጋ ሰው ሞልቶ ነበር። (ለምን ሽያጭ ቀጥ እንዳለ አሁን ገባህ? እኔ ባለሱቁ ነኝ።)

ቅዳሜ ባለሱቁ ሬዲዮውን ባንኮኒው ላይ አወጣልን። መሪያችን «ከእንግዲህ እናት በመንገድ ላይ አትሞትም፤ የዚህ ሆስፒታል በር ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ነው» ሲሉ አንዴ ፀጥ አለ። ከዚያ ጧ፤ ቅጭል። ድምቡሼ ብድግ ብላ «አጎቴ ነው!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። የአባታችንን ቀለበት ድምፅ የማላውቅ ይመስልሃል? ቀለበቱ ያለበትን እጁን እያሻሸሁ ያደግኩት እኔ አይደለሁም? አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ ቁም ነገሩን ስማኝ። ድምቡሼ ሰባተኛ ወሯ ነው። አምና የመጀመሪያውን እንዴት እንዳጣችው ታውቃለህ፤ አዋላጇም «ሁለተኛውን ሆስፒታል ካልሆነ እኔ አልነካትም» ብላ ነበር። ባሏ እንደምታውቀው ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ነው። ከተራራው ማዶ ወዳለው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልንወስዳት፣ ሁለት ቀን መንገድ ቢሆንም፣ ቆርጠን ነበር። አሁን ግን አንተ ያደርክበት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የባለሱቁ የጭነት መኪና ዕቃ ለማምጣት ወደዚያ ይሄዳል። ወደዚያው ልልካት አስቤያለሁ።

አንተ አይተኸዋል፤ እንዴት ነው? ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 2 ቀን

ለእትዬ፤

ይቅርታ፣ ደብዳቤሽ ከከተማ ከተማ ስታሳድደኝ ቆይታ ትላንት ያዘችኝ። ይኸውና ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ አሥር ጊዜ ጀምሬ አሥር ጊዜ ቀድጃለሁ። አስተማሪያችን ይህን ብታይ ወረቀቱን ታስከፍለኝ ነበር።

ስለ ሆስፒታሉ፣ እንግዲህ አዲስ ነገር አዲስ ነው። አዲስ ጫማ ያምራል፤ እግር ግን ይልጣል። ቀለሙ ገና አልደረቀም እትዬ። ሽታው እርጉዝ ሴት ላይ ጥሩ አይደለም። እኔ ራሴ አራት ቀን ውስጥ ሁለቴ አስመለሰኝ፣ እኔ እንኳ በሆዴ ድንጋይ የምፈጨው! ስለዚህ ለጊዜው ይቆየን። ያ ትልቁ ይሻላል። መንገዱ ቢርቅም ያረጀ ጫማ እግር ያውቃል።

ባለሱቅ ሆይ፣ ይህን ስታነብ ደጃፉ ሰው የሞላው ከሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ሳል ሳል በል። ጨረስክ? እሺ።

ሌላው ወሬ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ መንገድ ሥራ ንግግር ነበር። ወደ ንግግሩ ስንሄድ መኪናችን መንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀረቀረ፤ ወርደን ገፋን፤ ደርሰን አጨበጨብን። ሣቂ እንጂ።

ስለ ቀለሙ ያልኩትን አደራ። አደራ ብያለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 14 ቀን

ለወንድሜ፤

አንተ ልጅ መቼ ነው ቁም ነገር የሚገባህ? ስለ ቀለሙ የጻፍከው ሲነበብ ደጃፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ድምቡሼም «አፍንጫዬን በነጠላዬ እይዛለሁ በሉልኝ» ብላለች። የአናጢው ሚስትም በጥር ለመውለድ እዚያው ልትሄድ ቀን ቆጥራለች።

ፈርተህልን ነው፣ ገብቶኛል። አንተ ድሮም ድምቡሼ ስታነጥስ ሐኪም ጥሩ ትል ነበር። ግን እኔ አንድ ነገር አውቃለሁ። አፍህ ከሕፃንነትህ ጀምሮ ይዋሻል፤ እጅህ ግን ዋሽቶ አያውቅም። አንተ የገነባኸው ግድግዳ ተንጋዶ አያውቅም። ያንን ሆስፒታል በዓይንህ አይተህ፣ ውስጡ አድረህ፣ ከሁሉ ሰው ቀድመህ አጨብጭበሃል። ውሸት ቢሆን ኖሮ እጅህ አይነሳም ነበር። እኔ ያመንኩት መሪውን አይደለም፤ እጅህን ነው።

ኅዳር 20 መኪናው ይነሳል። ጉልበቴ እሺ ካለኝ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ስትወልድ በሬዲዮ አይነገርም፤ እጽፍልሃለሁ።

(ሳል ሳል ብያለሁ፣ እንዳልከኝ። ግን ለምን እንዳሳልከኝ አልገባኝም። ባለሱቁ።)

እህትህ


ኅዳር 21 ቀን

እትዬ፤

በፖስታ ስለሚዘገይ ይህን ለሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ባለሱቅ፣ ማንም ቢኖር ጮክ ብለህ አንብብ።

ድምቡሼን አትላኪያት። ክፍሉ ውስጥ አልጋ የለም። የሚያደናቅፍ የለም ያልኩሽ ምንም ስለሌለበት ነው። ሐኪም የለም፤ በንግግሩ ቀን ነጭ ልብስ ለብሰው የተሰለፉት ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ የመጡ ናቸው፤ ያን ቀን ማታውን ተመልሰዋል። መሪው ከፍተው ያሳዩት ቧንቧ ውሃው ከጣሪያው በርሜል ነው፤ በርሜሉን በባልዲ የሞላሁት እኔ ነኝ። በሩ ክፍት ነው የተባለው እውነት ነው፤ ቁልፍ አልተገጠመለትም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ባርኔጣው ሲወልቅ አጨበጨብኩ። ስጽፍልሽም ቀለም አልኩሽ። ሰው እንዳይሰማ ፈርቼ ነው። ሥራዬን ፈርቼ ነው። ደግሞም ደጃፉ ላይ ስሜ እንዳለ እንዲቀጥል ፈልጌ ነው።

መኪናው ከተነሳ አስቁሙት።


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለወዳጄ፤

ይህን የምጽፈው እኔ ባለሱቁ ነኝ። እህትህ «የፈለግከውን ጻፍ» ብላኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

የኅዳር 21 ደብዳቤህ ኅዳር 26 ደረሰ። እኛ በ24 ቀብረናት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤ ድምፄን አጥፍቼ አነበብኩ። በኋላ ለእህትህ ብቻ፣ ጓዳ ውስጥ፣ አነበብኩላት። ሁለተኛ እንዳነብላት አልጠየቀችኝም።

ሕፃኗ ሴት ናት፤ በሕይወት አለች። እህትህ በገዛ እጇ ነው ያዋለደቻት፣ አንተ ያደርክበት ክፍል ወለል ላይ። መኪናዬ አውርዷቸው ዕቃ ሊጭን ሄዶ ነበር። ከዘበኛው በቀር ሰው አልነበረም። ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው ብትለው «ለንግግሩ ቀን መጥቶ ነበር» አላት። ደሙ አልቆም አለ። ሹፌሬ ሲመለስ ድምቡሼ አልፋለች። በጆንያዎቼ መሃል ይዘዋት ተመለሱ።

እህትህ አንድ ነገር ጻፍ አለችኝ አሁን፦ «መንገድ ላይ አልሞተችም። ያሉት እውነት ሆነ።»

ሬዲዮው ያንን ንግግር በየቅዳሜው ስድስት ሰዓት ይደግመዋል። የእኔን ዘግቼዋለሁ። የጎረቤቶቹን ግን ልዘጋ አልችልም። ጧ፤ ቅጭል ሲል እህትህ ሕፃኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ባለሱቁ


ታኅሣሥ 20 ቀን

እትዬ፤

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። እንደምን ሰነበትሽ ልበል? አስተማሪያችን ሰላምታና ስንብት አስተምራኛለች፤ ይህንን አላስተማረችኝም።

ይቅርታ አልልሽም፤ ቃሉ አነሰ። ባለሱቁ የጻፈውን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ፤ ማንበብ ባልተማርኩ ያልኩበት ቀን ይኸው መጣ።

ድምቡሼ በልጅነቷ ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ስለስን «አጎቴ እዚያ ጋ ቀርቶሃል» እያለች በጣቷ ታሳየኝ ነበር። አሁን በየከተማው ምሰሶ ላይ ስወጣ ትከሻዬ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለሌላ ሰው ብናገር አበደ ይሉኛል። በየጠዋቱ ድምፅ ማጉያዎቹ መሥራታቸውን የምንሞክረው በካሴት ነው። ካሴቱ ያ ንግግር ነው። አለቃዬ ከታች ይከፍተዋል፤ እኔ ምሰሶው ጫፍ ላይ ጆሮዬን ከማጉያው አስጠግቼ እቆማለሁ። አደባባዩ ባዶ ነው፤ አንድ ጠራጊና ሁለት ውሻ። «ከእንግዲህ እናት በመንገድ ላይ» ይላል። ከዚያ ፀጥታ። ከዚያ እጄ። ሁለት እጆቼ ምሰሶውን አቅፈው፣ ያ ሌላው እጄ ሲያጨበጭብ እሰማለሁ። ወደ ታች ሳይ የሚያጨበጭብ ማንም የለም። ጠራጊው እንኳ ቀና አይልም። የትኛው ነው እኔ? እየወረድኩ መዳፌን አየዋለሁ፤ እንደ ሰው መዳፍ ይመስላል።

አለቃዬን ሌላ ካሴት የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው «ጭብጨባው ከሁሉ የጠራው እሱ ነው፤ ኮራ በል» አለኝ። እኔ ነኝ እንግዲህ ኩራት የምወደው።

ቀለበቷን አውልቄ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቻታለሁ። ሳሙና ቀብቼ ነው የወጣችው፤ ጣቴ ላይ ነጭ መስመር ትታለች። ለሕፃኗ ናት። የአባታችን ሐቀኛ እጅ ትዝ እንዲላት፣ የእኔ ሳይሆን።

ጥር 12 በወፍጮው ከተማ ንግግር አለ። ስለ እናቶች ጤና ነው አሉ። ባርኔጣው ሲወልቅ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድትምሪኝ አይደለም። በሬዲዮ ስታዳምጪ ፀጥታውን እንድትሰሚው ነው።

ወንድምሽ


ጥር 13 ቀን

ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ።

የታኅሣሥ ደብዳቤህ ደርሷል። ባለሱቁ እንዳይከፍተው ነግሬው መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። ምን እንደሚል ግን ገመትኩ፤ ተጸጸትኩ ይላል። ስለዚህ ትላንት አዲስ ንግግር አለ ሲባል ባለሱቁን «ክፈተው» አልኩት፤ ሬዲዮውን። እውነት የተጸጸተ እንደሆነ እጁ ይነግረኛል ብዬ።

ስለ እናቶች ተናገሩ። ሃያ ሰባት ሆስፒታል ሠርተናል አሉ። ፀጥ አለ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ጧ፤ ቅጭል።

ቀለበቱን እንኳ አላወለቅክም።

ሕፃኗ ደህና ናት። አንተን አይመለከትህም።

(ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። ባለሱቁ።)


ጥር 30 ቀን

እትዬ፤

አትጻፍ ብለሽኛል፤ እጽፋለሁ። ሳይከፈት እንደሚቀመጥም አውቃለሁ። ለመሳቢያው ነው የምጽፈው።

አላጨበጨብኩም። ባርኔጣው ወለቀ፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። አለቃዬ ባርኔጣውን አጠለቀና እንደገና አወለቀ። አሥር ሺህ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ የመጀመሪያው መሆን ፈራ። መሪው ውሃ ጠጡ። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ በማጉያዎቼ ሁሉ ተሰማ። ያንን ፀጥታ የሰቀልኩት እኔ ነኝ እትዬ፤ በስምንት ምሰሶ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተይው። ሁለት ጥርስ ነው የጎደለኝ፤ ለማስቲካ እንጂ ለሥራ አያስፈልጉም። አሁን ተመልሼ ግንበኛ ነኝ፤ የአንድ መጋዘን አጥር እሠራለሁ።

አንቺ ግን ጭብጨባ ሰማሁ ትያለሽ። መጀመሪያ ራሴን ተጠራጠርኩ። ኪሴ ውስጥ የነበረው የማን እጅ ነው አልኩ። ሦስት ቀን ቆይቶ ነው ካሴቱ ትዝ ያለኝ። እኔ እምቢ ስል ለሬዲዮው ያንን ሌላውን እጄን ከካሴቱ ጠሩት። እሱ አይደክመው፣ አይጸጽተው፣ ኪስ የለው።

እንዴት ላሳምንሽ? አፌን እንደማታምኚ አውቃለሁ፤ እጄንም እንዳታምኚ ያደረግኩ እኔው ነኝ። የታኅሣሡን ክፈቱት። ሌላ ምስክር የለኝም።

ወንድምሽ


ነሐሴ 8 ቀን

ለወንድሜ፤

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለሱቁ አጠገቤ የለም። የአናጢው ሚስትና እኔ የካቲት ላይ የማታ ትምህርት ገባን። እሷ ትልቁ ሆስፒታል ሄዳ በደህና ወልዳለች፤ መንገዱን ሁለት ቀን በቃሬዛ ነው የወሰዷት። ትምህርቱ እውነት ነው። ከተናገሩት ውስጥ እሱ እውነት ሆነ።

ማንበብ እንደቻልኩ ባለሱቁን መሳቢያውን ክፈት አልኩት። ማንም እንዳያነብልኝ፣ ማንም እንዳይስቅ፣ ብቻዬን ቤቴ ይዤ ገባሁ። ያንተን ፊደል ለማንበብ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። አስተማሪህ እውነቷን ነው፤ አራት ነጥብ ታበዛለህ።

የታኅሣሡን ስከፍት ቀለበቱ ጭኔ ላይ ወደቀ።

ቀኖቹን ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ እንዳልሳሳት ባለሱቁንም ጠየቅኩት። ደብዳቤው የደረሰው ታኅሣሥ 28 ነው። ሬዲዮው ያለው ባንኮኒው ላይ ነው። መሳቢያው ከባንኮኒው ሥር ነው። ጥር 12 እኔ ትንፋሼን ይዤ ስሰማ፣ ከላይ ሬዲዮው ቅጭል ሲል፣ ቀለበቱ ከሥሩ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ክንዴን ያስደገፍኩት ከእሱ በላይ ነው።

አምኜሃለሁ። ይቅር ማለት ሌላ ነው፤ እሱን ገና እየተማርኩት ነው። የያዝከውን ግንብ ስትጨርስ ና። ቀልድህን ግማሹን ይዘህ ና። ሕፃኗ ማጨብጨብ ጀምራለች፤ ዶሮ ስታይ ታጨበጭባለች፣ ዝናብ ሲጥል ታጨበጭባለች። እጇን ልይዝ እነሳና እተዋታለሁ።

ቀለበቱን ከበሩ በላይ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤቶች ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍቱታል። አሁን ወደ ጓዳ አልገባም። ሬዲዮው ጧ፤ ቅጭል ሲል ቀና ብዬ ሚስማሩን አያለሁ።

አይነቃነቅም።

እህትህ